ተኝቼ ያቃናሁት ቫልቭ

ልጅ ሳለሁ ተኝቼበት ያቃናሁት ብረት አለ። ለማንም አልተናገርኩም፤ ከተነገረ ተመልሶ ይጣመማል ተብዬ ነበር። ከትምህርት ቤት ልጆች ጋር ስጣላ፣ ሲገፉኝና ሲስቁብኝ፣ በሆዴ «እኔ እኮ ብረት ያቃናሁ ነኝ» እልና ዝም እላለሁ። ዓይን አፋር ልጅ እንዲህ ያለ ምስጢር ሲኖረው ይጠቅመዋል።

የተገረዝኩት በሰባት ዓመቴ ነው። ዘጠና ስድስት ይሁን ዘጠና ሰባት በደንብ አላስታውስም። ኅዳር ነበር፤ ማሽላው ቀልቶ፣ ወፍ የሚጠብቁ ሰዎች ጩኸት ከጨፋ በኩል እስከ ከተማችን ከሚሴ ጫፍ ይሰማ ነበር። ግቢያችን ውስጥ አንድ ትልቅ የኒም ዛፍ አለ። ከሥሩ ምንጣፍ ተነጥፎልኝ፣ ሸሚዜ ቁስሉን እንዳይነካ በጎበጠ እንጨት እንደ ድንኳን ተወጥሮልኝ፣ ቀኑን ሙሉ በጀርባዬ እተኛለሁ። የተገረዘ ልጅ ቁስሉ እስኪደርቅ ከግቢ አይወጣም ነበር። ጅን እንዳይጠጋውም ከትራሱ ሥር ብረት ይደረግለታል። ትራሱ ለአንድ አፍታም ያለ ብረት መቆየት የለበትም፤ የባዳ እጅ ደግሞ ፈጽሞ አይነካውም። የኔ ብረት የአባቴ አሮጌ ቢላዋ ነበር።

እናቴ እኔን ወልዳ ብዙም ሳትቆይ ስለሞተች ያሳደገችኝ እህቴ ኢክላስ ናት። እቴቴ ነው የምላት። ዝንቡን እሽ የምትልልኝ፣ ጀርባዬ ሲደነዝዝ የምታገላብጠኝ እሷ ነበረች።

በዚያ ሰሞን አደም የሚባል የባቲ ሰው በነጭ ፒክአፕ መጣ። ሽቶው ከራሱ ቀድሞ ግቢ የሚገባ ሰው ነበር። ለእቴቴ ቀይ የጥፍር ቀለም አመጣላት። ከአባቴ ከሙሐመድዘይን ጋር በረንዳው ላይ ተቀምጠው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ብዙ አወሩ። እኔም የነፋሱን አቅጣጫ እየተከተልኩ የሚደርሰኝን ያህል ሰማሁ።

«ጀልባው ሰው አይጠብቅም» አለ አደም።

«ልጄን አደራ» አለ አባቴ።

«ሰው ሁሉ ልጁን ልኮ አይደል እንዴ ቤቱን በብሎኬት የሚሠራው? ሰው ቤት ነው የምትሠራው፤ የሰለጠነ ሰው ቤት። እኔ ራሴ በዚህችው መኪና እስከ ባሕሩ አደርሳታለሁ። የኬላው ሰዎች የሚያውቁት ይቺን መኪና ነው፤ በሌላ ከሄድኩ ያስወርዱኛል።»

የገባኝ ይህ ነው፤ እቴቴ ጀልባ ልታይ ነው። እኔ የማውቀው ውሃ የቦርከና ወንዝን ስለሆነ ጀልባው ቦርከና ላይ ቆሞ ይጠብቃል ብዬ አሰብኩ። «እኔስ?» ብዬ ጮህኩ። አደም ዞር ብሎ ሳቀ። «ስትድን አንተንም እወስድሃለሁ! ረኮ ሂንቀቡ፤ ምንም ችግር የለም!»

የመሄጃዋ ዕለት ጠዋት እቴቴ ጉንጬን ስማኝ ቀና አልል አለች። ትንፋሿ አንገቴ ሥር ይሞቃል። «እቴቴ፣ ጎኔን አመመኝ» ስላት ነው የተነሳችው። አባቴ ፌስታሏን ይዞ ቆሟል፤ የሚያየው ግን ዛፉን ነው። አደም ሞተሩን አስነሳ። እሷም ከጎኑ ገባች። መኪናው ወደ ኋላ እያለ ጠባቡን በራችንን ግማሽ ሲያልፍ የኋላ ጎማዎቹ ከበሩ ውጭ ካለው የጎርፍ ቦይ ውስጥ ወረዱ። አደም ነዳጁን ረገጠው። ሞተሩ ጮኸ፤ ከዚያ ከውስጡ አንድ ነገር ጧ አለ፤ ብረት ብረትን ሲመታ ተሰማና ጸጥ አለ።

አደም ቁልፉን ደጋግሞ አዞረ። ሞተሩ ባዶውን ይሽከረከራል እንጂ አይነሳም። ወርዶ ላቡን ሲጠርግ ፈገግ ብዬ አገኘኝ።

«ምን ትስቃለህ አንት ሙሽራ? መኪናው አንተን ሊጠብቅ ነው እኮ የቆመው!»

ለቀልድ ነው ያለው። እኔ ግን አመንኩት። መኪናው ከመዳኑ በፊት እኔ መዳን አለብኝ፤ ያኔ ከእቴቴ ጋር እሄዳለሁ።

አጎቴን በድሩን ያስጠራው አባቴ ራሱ ነው። በድሩ የእናቴ ታናሽ ወንድም ነው። ከሚሴ ውስጥ የናፍጣ ሞተር ሲነሳ የሱ ስም አብሮ ይነሳ ነበር፤ እናቴ ከሞተች ወዲህ ግን ከአባቴ ጋር ብዙም አይቀራረቡም። የዕቃ ሳጥኑን ይዞ በመኪናውና በበሩ ግንብ መካከል በጎኑ ተጣቦ ገባ።

«አካም ቡልቴ፣ ጋሼ?»

«ነጋ፣ ሰላም ነው፣ አልሐምዱሊላህ። ይህን ነገር ዛሬውኑ አስነሳልን።»

በድሩ መጀመሪያ ያየው መኪናውን አልነበረም። እቴቴን ነበር፤ የመንገድ ልብሷን ለብሳ ፌስታሏን ታቅፋ ደረጃው ላይ የተቀመጠችውን። ከዚያ የሞተሩን የፊት ክዳን ፈታና የተበጠሰ፣ ጥርስ ያለው ጥቁር ጎማ ጎትቶ አወጣ።

«የታይሚንግ ቺንጋው ነው» አለ። «የላዩን ከታቹ ጋር የምታስማማ ይቺ ናት። ስትበጠስ፣ ፒስተኑ ወደ ላይ ሲወጣ ቫልቩን እንደተከፈተ ያገኘዋል፤ ይመታዋል። ቫልቮቹ ሳይጣመሙ አልቀሩም። ቴስታታው፣ የሞተሩ ራስ፣ መውረድ አለበት።»

«አውርደዋ!» አለ አደም።

«ካወረድኩት የምዘጋው እኔ ነኝ።»

«ታዲያ ማን ሊዘጋው ኖሯል?»

አደም ይህን ሲል ምን እንደፈረመ አላወቀም። በኛ አገር አንድ መካኒክ የከፈተውን ሞተር ሌላው አይዘጋም። በኋላ ሞተሩ አንድ ነገር ቢሆን ጥፋቱ የማን እንደሆነ አይለይማ። ከከሚሴ እስከ ኮምቦልቻ ቢለምን፣ ሁሉም የሚለው «የከፈተው ማነው?» ነው።

በድሩ ቴስታታውን አውርዶ ከምንጣፌ አጠገብ ጥላ ሥር አስቀመጠው። ሞላዎቹን እየተጫነ ቫልቮቹን አንድ በአንድ አወጣ። ረጅም እግር ያለው የጅብ ጥላ ይመስላሉ። አንዱን መሬት ላይ ሲያንከባልለው እንደ ሰካራም ተወላገደ፤ አደም እንኳ ሳቀ። ይህን ለእኔ ሰጠኝ።

«ቢላዋው ይቆርጥሃል። ይሄ እሳት ውስጥ የኖረ ብረት ነው፤ ጅን ይፈራዋል» አለና ቫልቩን ከትራሴ ሥር ካስገባ በኋላ ቢላዋውን አወጣ።

«ጅኑስ ይፍራ» አለ አደም፤ «መኪናዬ መቼ ትነሳለች?»

«አዲስ ቫልቭና ቺንጋ ከአዲስ አበባ ሲመጣ።»

መኪናው እንደ ቡሽ በራችን ላይ ተወትፎ ቀረ። ሰው የሚገባው በጎኑ ነው። ፍየሎቻችን መውጣት አቅቷቸው ቀኑን ሙሉ ይጮሃሉ። የሰፈሩ ልጆች ከውጭ በቀረው የኋላ መጫኛው ላይ ወጥተው ሲዘሉና ሲስቁ እሰማለሁ፤ አላያቸውም። አደም የበሩን ደፍ ይዞ ጫቱን እየቃመ ይቀመጣል። እቴቴ ብቅ እንዳትል ተነግሯታል፤ «ወሬ ይበዛል» ይላል። ውሃ እንኳ የምትቀዳልን የጎረቤታችን የረቢአ ልጅ ሶፍያ ነበረች። ባልዲውን ተሸክማ በጎኗ ተጣባ ስትገባ አደምን «እስቲ አንዴ ተነስ፣ ግንቡን ደግፈህ ነው እንዴ የምትውለው?» ትለዋለች፤ እሱም ይስቃል። ወደ እኔ መጥታ ደግሞ ሸሚዜን እያየች «ድንኳኑ መቼ ነው የሚነሳው?» ትለኛለች። ጠላኋት።

አንድ ቀን እቴቴ ብሎኖቹን በሳፋ በናፍጣ ስታጥብ ከአጎቴ ጋር ሲነጋገሩ ሰማሁ።

«አጎቴ፣ ይሄ ሞተር ባይነሳስ?»

በድሩ ቀና አላለም። «ባይነሳ ሰው የሚለው በድሩ አያውቅበትም ነው።»

«ሰው ምን አለ፣ ይበል።»

«አባትሽን በአፍሽ ንገሪው።»

«አባባን?»

እቴቴ እጇን ናፍጣው ውስጥ ነክራ ቆየች። እኔ የገባኝ፣ ጀልባው እንዳይቀርባት መፍራቷ ነው። አጎቴን በሆዴ «ፈጠን በል እንጂ!» አልኩት። ጮክ ብዬ ደግሞ «እቴቴ አትጨነቂ፣ ቦርከና ቅርብ ነው፤ በእግር እንሄዳለን!» አልኳት። ሳቀች። ሳቋ መሃል ላይ ወደ ሌላ ነገር ተለወጠና ፊቷን በክንዷ ሸፈነች፤ ናፍጣው ዓይኗ ውስጥ ገባ መሰለኝ።

ዕቃው የመጣው በአውቶቡስ ሾፌር እጅ ነው። ስምንት ቫልቮች፣ እያንዳንዳቸው በዘይት ወረቀት ተጠቅልለው። በድሩ ቆጥሮ ተቀበለ፤ አደምም አብሮ ቆጠረ፤ የበድሩ ሳጥን ውስጥ ተቆለፉ። በዚያው ዕለት የአስር ሶላት ከተሰገደ በኋላ እቴቴ መርፌና ክር ይዛ አጠገቤ ተቀመጠች። «ብረትህን ልብስ ላልብሰው፤ እንዲሁ ሲሆን ይቀዘቅዝሃል» አለች። ጀርባዋን ወደ በረንዳው ሰጥታ በቀይ ጨርቅ ሰፋችው። ትራሴ ሥር ስትመልሰው ያልተለመደ ነገር ሸተተኝ፤ የአዲስ ዘይት ሽታ። የሷ እጅ ነው ብዬ አሰብኩ።

በማግሥቱ ጠዋት በድሩ ሳጥኑን ከፍቶ ሰባት ቫልቮች ደረደረ።

«አንድ ጎደለ» አለ።

አደም ብድግ አለ። «እንዴት ይጎድላል? አብረን አይደል የቆጠርነው?»

«አብረን ነው። አሁን ሰባት ነው።»

ያን የመሰለ ፍለጋ አይቼ አላውቅም። አደም ሳጥኑን ገለበጠ፤ የናፍጣውን ሳፋ ደፋ፤ የበድሩን ኪሶች ዳበሰ፤ የእቴቴን ፌስታል አራግፎ ልብሷን አፈር ላይ በተነው። አባቴ «ኧረ በአላህ!» አለ። ከዚያ አደም ወደ እኔ መጣ።

እኔ ከዚያ በፊት በሕይወቴ እንዲህ ጠቃሚ ሆኜ አላውቅም። «የኔን ውሰድ!» አልኩ። «እዚህ ቫልቭ አለ! የኔን ውሰድና መኪናውን አስነሳው፤ እኔ ድኛለሁ!» ትራሴንም ማንሳት ጀመርኩ።

የእቴቴ እጅ ትራሱ ላይ አረፈ። ቀለል አድርጋ ያሳረፈችው ይመስላል፤ ግን ራሴን ማንቀሳቀስ አልቻልኩም።

«እሱ የተጣመመው ነው» አለች።

«ያንን እንኳ አንተም አይተኸዋል» አለ በድሩ ለአደም፤ ድምፁ የደረቀ ነበር። «ሲወላገድ አይተህ ስቀሃል።»

አደም ግን እጁን ዘረጋ። የጣቱን ቀለበት ከፊቴ አየሁት። ያን ጊዜ አባቴ ከበረንዳው ተነስቶ ጮኸ።

«እጅህን! የልጄ ብረት በባዳ እጅ አይነካም! ጅን እንዲጫወትበት ነው የምትፈልገው?»

አደም እጁን እሳት እንደነካው ሰው መለሰው። እሱም የዚያው አገር ሰው ነው። «አዑዙቢላህ» አለ፤ እጁንም በሱሪው ጠረገ።

እቴቴ እጇን ከትራሴ ስታነሳ ጨርቁ ላይ የአምስት ጣቶቿ እርጥበት ቀርቶ ነበር።

በዚያ ከሰዓት ከመሰልቸት ብዛት ብረቴን ከነጨርቁ እየዳበስኩ ሳለ አንድ ነገር ተረዳሁ። እግሩን በጣቶቼ ተከተልኩት፤ የት ላይ እንደሚጎብጥ አውቀዋለሁ፤ አሁን ግን አይጎብጥም። ቀጥ ብሏል። እኔ ተኝቼበት ነው! ያን ሁሉ ቀን ጭንቅላቴን ስጫነው ቆይቼ ተቃንቷል!

«እቴቴ! እቴቴ፣ ተቃ—»

አፌን በመዳፏ ያዘችው። መዳፏ ናፍጣ ናፍጣ ይል ነበር። «ዝም በል፣ የኔ ጌታ። አውቃለሁ። ግን ከተነገረ ተመልሶ ይጣመማል።»

ሌላ ቫልቭ ፍለጋ ወደ አዲስ አበባ ተላከ፤ ቆየ፤ አደም በየቀኑ እየሄደ ስልክ ይደውላል፤ ሲመለስ ፊቱ ጠቁሮ ነው። በመጨረሻ አንድ ቀን ከዙሁር ሶላት በኋላ አባቴ መቁጠሪያውን እንደያዘ ፊቱ ቆመ።

«ስማኝ፣ አደም። ነገሩ ሲጀመር አላህ መንገዱን እንዲያሳየኝ ኢስቲኻራ ሰግጄ ነበር። ልጄ ስትሳፈር መኪናህ በሬ ላይ ተሰበረ። አልገባኝም። ዕቃው መጣ፤ ከተቆለፈ ሳጥን ውስጥ ጠፋ። ከዚህ ወዲያ አላህ ምን እንዲለኝ ነው የምጠብቀው? በሩን ዘግቶታል። ልጄ አትሄድም።»

«ቃልህስ?»

«ስለ ቃሌ እሱ ይጠይቀኝ።»

አደም ጨብጦት የነበረውን ጫት መሬት ላይ ወረወረው። «ቦታው እኮ ባዶ አይሄድም!» አለ። አባቴ መቁጠሪያውን እየቆጠረ ዞረ። በድሩም አልሰማው ይሆናል፤ ወይም ሰምቶ እንደ ንዴት ቆጥሮት ይሆናል። «ደሴ አንድ ቫልቭ አለ ብለውኛል፤ ነገ ይደርሳል» አለ ዝግ ብሎ።

በድሩ ጠዋት ሲመጣ መጀመሪያ ወደ እኔ ነው የመጣው። አደም ገና በረንዳው ላይ ተኝቷል። «ድነሃል እኮ፤ ዛሬ ገላህን ትታጠባለህ» አለኝና ቀዩን ጨርቅ ከትራሴ አወጣ። እኔም «ተቃንቷል» አልኩት በጆሮው። አየኝ። «አዎ» አለ፤ «ጎበዝ ነህ።»

በዚያን ቀን እንደ እኔ የኮራ ሰው በከሚሴ አልነበረም። ቫልቬን በመፍጫው ቅባት አሽቶ፣ እሳት እንደሚያወጣ ሰው የተጣበቀበትን እንጨት በሁለት መዳፉ መካከል እያሽከረከረ ሲያሻሸው አየሁ፤ ክሽ ክሽ ክሽ። ያፈስ እንደሆነ ለማየት ነጭ ጋዝ አፈሰሰበት፤ አንዲት ጠብታ አላለፈም። ቴስታታው ቦታው ተመልሶ ታሰረ። አዲሱን ቺንጋ ከማግባቱ በፊት ጥርሶቹ የሚገጥሙበትን ምልክት መቀባት ነበረበት። እቴቴ ቀዩን የጥፍር ቀለም ይዛ መጣች፤ ክዳኑ እንኳ ተከፍቶ አያውቅም። «ሁሉንም ጨርሰው» አለችው። የላዩና የታቹ ቀይ ነጥቦች ፊት ለፊት ቆሙ።

አደም ቁልፉን አዞረ። ሞተሩ በአንዴ ተነሳ። ፍየሎቹ በረገጉ። የፊት ጎማዎቹ አፈሩን ጭረው መኪናው ቦዩን ተሻግሮ ወደ ውጭ ወጣ፤ በራችን ተከፈተ፤ መንገዱ ታየኝ። ተነሳሁ። ሸሚዜን በሁለት እጄ ወደ ፊት ወጥሬ፣ እግሬን ከፈት አድርጌ እየሮጥኩ «እኔስ! እኔስ!» እያልኩ ወጣሁ።

መኪናው ብዙ አልራቀም። የረቢአ በር ላይ ቆሟል። ሶፍያ ፌስታል ይዛ ወጣች። እናቷ ነጠላዋን አስተካከለችላት። ከኋላው መስኮት ሶፍያ አየችኝ፤ በሸሚዜ ሳቀችና እጇን አወዛወዘች።

«ቦታዬን ወሰደችብኝ!» ብዬ መሬት ላይ ተንከባለልኩ። «ቦታዬን ወሰደችው! መኪናውን ያዳንኩት እኔ ነኝ!»

የሚያነሳኝ ጠፋ። ቀና ስል እቴቴ በሩን ይዛ ቆማለች፤ ከንፈሯ ነጭ ሆኗል። አጎቴ እጁን በጨርቅ እየጠረገ ነበር፤ መጥረጉን አቁሞ አቧራውን ያያል። ስላለቀስኩ የተቆጡኝ መስሎኝ ዝም አልኩ።

ከዚያ በኋላ በድሩ መኪና ነክቶ አያውቅም። ከተማው «ዕቃ የሚጠፋበት መካኒክ» ስላለው ነው ይባል ነበር፤ እኔም እንደዚያ መስሎኝ ነበር። ጨፋ ሮቢት ወርዶ የእህል ወፍጮ ሞተር መጠገን ጀመረ። እኔም ስድስተኛ ክፍል ላይ ትምህርቴን ሳቆም የሄድኩት ወደ እሱ ነው። በመጀመሪያው ቀን የተጣመመ ቫልቭ አነሳሁና በድንጋይ ላይ ልቀጠቅጠው ስል ያዘኝ።

«ተወው። ቫልቭ አንዴ ከተጣመመ አይቃናም። ይጣላል እንጂ።»

«የኔው ግን ተቃንቶ ነበር» አልኩ። ለመጀመሪያ ጊዜ ለሰው መናገሬ ነው።

እጁ ቆመ። ወፍጮው ይጮሃል፤ ዱቄቱ ቅንድቡ ላይ ነጭ ሆኖ ተቀምጧል። እኔም የተናገርኩትን በገዛ ጆሮዬ ሰማሁት፤ የዘይት ወረቀቱ ሽታ፣ ቀዩ ጨርቅ፣ ትራሱ ላይ ያረፈችው እጅ፣ ሁሉም በአንድ ላይ መጣብኝ። ይጠይቀኛል ብዬ ቀና ብዬ ጠበቅኩት።

«አባትህ በሕይወት እስካለ ድረስ» አለ በመጨረሻ፣ «ተቃንቷል።»

«ለምን መኪና ተውክ?» አልኩት።

በጭንቅላቱ ወደ ወፍጮው ሞተር አመለከተኝ። በአራት ብሎን ከሲሚንቶው ጋር ታስሯል። «ይሄ ማንንም የትም አይወስድም» አለ።

አባቴ ባለፈው ረጀብ ሞተ። እስከ መጨረሻው ቫልቩን የሰወረው የአላህ ትእዛዝ ነው ይል ነበር፤ ምናልባት አልተሳሳተም። ለቅሶው ሲያልቅ እቴቴና እኔ ብቻችንን ኒሙ ሥር ተቀመጥን። እሷ እዚያው ግቢ ቀረች። ሁለት ጊዜ ሊያገቧት መጡ፤ እንቢ አለች። ሶፍያ ሄዳ ከቀረች ወዲህ የረቢአን ውሃ የምትቀዳላት፣ ዱቄቷን የምታስፈጭላት እሷ ናት። አንድ ቀንም አስታጉላ አታውቅም።

«እቴቴ» አልኳት፣ «አንቺ ብትሄጂ ኖሮ...»

ልትመልስልኝ አፏን ከፈተች። ያን ጊዜ ከአጥሩ ማዶ የረቢአ ስልክ ጠራ። የወንበር መንሸራተት፣ የሚሮጥ ያረጀ እግር፣ «ሃሎ? ሃሎ፣ ሶፍያ?» የሚል ድምፅ። ከዚያ ቀስ ብሎ «አይ፣ ተሳስተዋል» የሚል።

እቴቴ ተነሳችና ባልዲውን አነሳች።